በአንድ ጣት ያጠረው ጠረጴዛ

አያቴ በሰባት ዓመቴ፣ የእኛ የሆው ዘር ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት፣ አፌን በመጸዳጃ ወረቀት ጠረገችው። ይህን ነገር አርባ ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። ሰው የቆየ ቂሙን ሲያወራ ትንሽ ያፍራል፤ እኔ አላፍርም።

በእኛ አገር በአዲስ ዓመት ዋዜማ እናቶች የልጆቻቸውን አፍ በሻካራው የገለባ ወረቀት ነካ ያደርጉታል። ልጅ በዓመት መባቻ ክፉ ነገር ቢያመልጠው ቃሉ እንዳይቆጠርበት ነው። አፉም ያው እንደ መቀመጫው ነው፣ ከእሱ የወጣውን ማንም አያነሳውም እንደማለት። በሳቅ የሚደረግ ነገር ነው፤ ልጁ ይሮጣል፣ እናቱ ታባርረዋለች። የእኔ ግን እንደዚያ አልነበረም። የታች ከንፈሬ ደምቷል። ከዚያ ቀን ወዲያ በመንደሩ ላሜይ ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ፤ «አፈ ጥርግ» ሆኜ ቀረሁ። ትምህርት ቤት እጄን ሳወጣ ከኋላ «ወረቀት አቀብሏት» ይላሉ። ሦስተኛ ክፍል ላይ አልሄድም አልኩ። አባቴ በቀበቶ፣ እናቴ በተቀቀለ እንቁላል ሞከሩኝ፤ እምቢ አልኩ። ትምህርቴን ማንም አልቀማኝም፣ ያስቀረሁት እኔው ነኝ። ይህንንም የምጽፈው በዚያችው በሦስት ዓመት ፊደል ነው።

ያን ቀን የተናገርኩት ደግሞ እውነት ነበር። ጠረጴዛው አጥሮ ነበር።

የአባቶች ጠረጴዛ ነው የምላችሁ። በዋናው ክፍል በሰሜኑ ግድግዳ ተጠግቶ የቆመ፣ ርዝመቱ ከአንድ ቁመተ ረጅም ሰው የሚበልጥ፣ ወርዱ ግን ከክንድ የማያልፍ፣ ሁለቱ ጫፎቹ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ የተቆለመሙ። የአያቴ ባል አያት ያሠሩት ነው ይባላል። በላዩ የአባቶቻችን ስም የተጻፈበት ሰሌዳ፣ የዕጣን እንጨት የሚተከልበት የነሐስ ድስት፣ ሁለት የሻማ ማቆሚያ። በሰሌዳው ላይ የሴት ልጅ ስም የለም። ሴት ልጅ የፈሰሰች ውሃ ናት፤ የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም። ይህን ከማንም በላይ የምትለው አያቴ ነበረች።

እኔ ቦታዬ ከሥሩ ነበር። የመቀመጫ ዱካዬን እዚያ አስገብቼ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈልኩ፣ የሰውን እግር እያየሁ እውላለሁ። አያቴ ማለዳ ማለዳ ዘይት በነካ ጨርቅ ስትወለውለው ክርኗ ከላይ ሲመላለስ ይሰማኛል። ቀና ብዬ ስቀመጥ በአናቴና በጠረጴዛው ሆድ መካከል ክፍተት ነበረ፤ መዳፌን አጋድሜ አስገባና አወጣ ነበር። ይህን ያህል አውቀው ነበር።

ዓመታችን በእንስሳ ይጠራል፤ የአይጡ ዓመት ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው የእናቴ እናት ታመመችና ከእናቴ ጋር ወንዙን ተሻግረን ሄድን። አባቴ ከሰል ማውጫው ጋ ነው፣ ለዓመት በዓል ብቻ ነው የሚመጣው። ቤት የቀረችው አያቴ ብቻ ነበረች። እንዴት እንደላከችን ዛሬ ሳስበው፣ እናቴ «አሥር ቀን ይበቃኛል» ስትል «እናት አንድ ናት፣ ተረጋግተሽ አስታሚ» ያለችው እሷ ናት። ያን ጊዜ ደግ አማት መስላኝ ነበር።

ከወር በላይ ቆይተን ስንመለስ፣ መንደሩ ለዓመት በዓሉ አሳማ የሚያርድበት ሳምንት ነበር። ግቢያችን ውስጥ መጥረጊያ ይዛ የቆመችው አክስቴ ሱቺን ናት። የአባቴ እህት፣ ከተዳረች አራት ዓመቷ። በቀኝ እጇ ብቻ ትጠርጋለች፤ ግራዋን ካፖርቷ ውስጥ ከትታዋለች። ሰነፍ መሰለችኝ። በኋላም ውሃ ስትቀዳ አንድ ባልዲ ብቻ ነው የምትይዘው፣ እናቴ ሁለት ስትሸከም።

እናቴ ወጥ ቤት ገብታ አያቴን ለስንት ቀን ነው የመጣችው ብላ ጠየቀቻት።

«ዱቄቱ አነሰ?» አለች አያቴ።

«ዱቄት ማን አነሳ?»

«እንግዲያው ቀኑንም አታንሺ።»

ከዚያ ሊጥ አቦኩ። እኔ ከዚህ የያዝኩት አክስቴ ዱቄታችንን ልትጨርስ እንደመጣች ነው።

ከጠረጴዛው ሥር ዱካዬን አስገብቼ ስቀመጥ አናቴ እንጨቱን ነካ። ደስ አለኝ። አድጌያለሁ። ሮጬ በሩ ጋ ሄድኩ፤ ወንዙን ልንሻገር ስንል እናቴ ቁመቴን በቢላ የጫረችበት መቃን ነበር። ጀርባዬን አስደግፌ እጄን አናቴ ላይ አጋድሜ ዞሬ አየሁ። ያው ጭረቱ ላይ ነኝ፣ አንዲት ፀጉር አልጨመርኩም። ተመልሼ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፤ አሁንም ይነካኛል። ሦስት ጊዜ እንደዚያ ተመላለስኩ። ሽታውም ሌላ ነበር፤ ከሥሩ ደም ደም ይላል። ሰፈሩ ሁሉ አሳማ ስላረደ ነው ብዬ ተውኩት።

አሁን እዚህ ላይ ሥራዬን ልናገር። ሃያ አንድ ዓመት በአናጺ ቤት ሠርቻለሁ። የምንሠራው እንዲህ ያለውን ጠባብና ረጅም ጠረጴዛ ነው፤ ከተሜዎችና የውጭ አገር ሰዎች በራቸው መግቢያ ላይ አቁመው ቁልፍና አበባ ያስቀምጡበታል። አሮጌ መስሎ እንዲወጣላቸው ይፈልጋሉ፣ አዲስ መሆኑን ገዢውም ሻጩም ያውቃል። የፈረሰ ቤት በርና ወጋግራ ፈትተን እንሠራዋለን። የአሳማ ደም ከኖራ ጋር መትተን ከቀለሙ በፊት እንቀባዋለን፤ ወፍራም ሻይ እናጠጣዋለን፣ የምድጃ ጥላሸት እናሸዋለን፣ እጅ የሚበዛበትን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት እንበላዋለን። ሦስት ሳምንት ያልሞላውን ዕቃ ሁለት መቶ ዓመት አስረጅቼ አውቃለሁ። የደም ቅቡ ሽታ እስኪለቅ ሁለት ወር ይፈጃል። ይህን በሰባት ዓመቴ የሚነግረኝ አልነበረም።

በዚያ ሳምንት ሁለተኛው አያቴ ይመላለስ ነበር። የሟቹ አያቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ የዘሩ አለቃ። ፒፓውን ሳይለኩስ ጥርሱ ውስጥ ነክሶ፣ ከአያቴ ጋር መደቡ ላይ ተቀምጦ ይሟገታታል። ከመደቡ ሥር እሳት ስለሚነድ እኔም እዚያው ጥግ ተጠቅልዬ የተኛሁ እመስላለሁ። ያገባች ሴት የዋዜማን እራት በአባቷ ጣሪያ ሥር ከበላች በወንድሟ ላይ መዓትና ድህነት ታወርዳለች ይላታል፤ ይህ የታወቀ ነው፣ አያቴም አልካደችም። የት ትሂድ ታዲያ ስትለው፣ ባል አላት አለ። ባሏ ፈቷታል አለች። ወረቀቱን አሳየችው፣ ማኅተም ነበረበት። ወረቀቱን ገለባበጠና፣ ያ ሽማግሌ አማቷ በነጻ የሚለቅ ሰው አይደለም፣ ምን ሰጥታችሁት ነው ብሎ ጠየቀ።

«መካን ናት ብሎ ወረወራት። የተወረወረ ዕቃ ማንሳት ምን ያስከፍላል?» አለች አያቴ።

ከመጋረጃው ወዲያ አክስቴ ባቄላ ትለቅም ነበር፤ ፍሬው ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ይሰማኝ ነበርና ቆመ።

እኔ ታዲያ ነገሩን ገጣጠምኩት። አክስቴ መጣች፣ ጠረጴዛው አጠረ። መዓቱ ጀምሯል፣ ጠረጴዛው ወደ መሬት እየገባ ነው፤ ዛሬ አንድ ጣት ከሆነ እስከ ሚያዝያ ያልቃል። አባቶቻችን ተቆጥተዋል፣ የሚያውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መዋል ከባድ ነው። አክስቴ የአበባ ዳቦ በእንፋሎት ስታበስል ለእኔ ብላ የጥንቸል ቅርጽ የሠራችልኝን አልበላም ብዬ ለዶሮ ሰጠሁት።

በዋዜማው፣ ፀሐይ ገና ግቢው ውስጥ እያለች፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። አባቴ ከከሰሉ ታጥቦ አዲስ ሰማያዊ ኮት ለብሷል። የሞቱ አባቶቻችንን ወደ ቤት የምንጠራበት ሰዓት ነው። ሻማው በራ፣ ዕጣኑ ተተከለ፣ ወንዶቹ በዕድሜ ተሰለፉ። ሴቶቹ በበሩ በኩል። አክስቴ ከመጋረጃው ወዲያ ናት። ሁለተኛው አያቴ ከመስገዱ በፊት ዞር አለና፣ አባቶች ገብተው ሳይቀመጡ ያቺ ሱቺን ከግቢው ትውጣ፣ የበግ ቤቱም የአባቷ ጣሪያ ነው፣ አለ። አባቴ ጫማውን ያያል። አያቴ አፏን ልትከፍት ስትል እኔ ቀደምኳት።

«ጠረጴዛው አጥሯል» አልኩ። «አክስቴ ከመጣች ወዲህ ነው። እየሰመጠ ነው። እኔ ለክቼዋለሁ፣ ኑ እዩት።»

ማንም አልሳቀም። ሁለተኛው አያቴ ፒፓውን ከጥርሱ አወጣና ጎንበስ አለ። ስንት ፒፓ እንደሚሆን ከልጅነቱ ያውቃልና፣ በፒፓው የጠረጴዛውን እግር ከታች ወደ ላይ መለካት ጀመረ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ...

ያኔ ነው አያቴ የመጣችው። ሴት ወንዶቹን አልፋ ወደ ጠረጴዛው በዚያ ሰዓት አትሄድም፤ እሷ ግን ሄደች። ማጅራቴን ያዘችና ሻካራውን የገለባ ወረቀት አፌ ላይ አሳረፈችው። አሸችው። አንድ ጊዜ አይደለም።

«ይህ ቂጥ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ከዚህ የወጣ አይቆጠርም። ተጠርጓል።»

ሁለተኛው አያቴ እንደጎነበሰ ቀረ። የተጠረገ ቃል ያነሳ ሰው ክፉውን በራሱ ላይ ያነሳል፤ በዓመት መባቻ ይህን የሚደፍር በዘራችን የለም። ቀስ ብሎ ቀና አለና ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ እንስገድ አለ። ሰገዱ። የአክስቴም ነገር በዚያው ታለፈ፤ መውጣቷን እንደገና ላንሳ ቢል፣ እኔ የእሷን ስም ከጠረጴዛው ጋር አያይዤ ነበርና፣ የተጠረገውን ማንሳት ይሆንበታል። ዋዜማውን በልታ አደረች። አባቴም አልደኸየም፤ እንደ ሁላችን ኖሮ በሳንባው ሞተ።

እኔ ግን ከንፈሬን እየላስኩ የያዝኩት ሌላ ነው። እውነት ተናግሬ፣ በገዛ አያቴ እጅ፣ ለአክስቴ ሲባል ውሸታም ተደረግኩ። አያቴ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ስትሞት አላለቀስኩም። አክስቴ በመንደሩ ጫፍ አያቴ የተወችላት ሁለት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ኖረች፤ መንገድ ላይ ሰላም እላታለሁ፣ ቤቷ ገብቼ ግን ተቀምጬ አላውቅም።

ባለፈው መኸር የዘሩን አዳራሽ እንደገና ሠሩት። አሁን አለቃችን የሁለተኛው አያቴ ልጅ አጎቴ ጂንሻን ነው። ጠረጴዛውን ከአባቴ ባዶ ቤት አውጥቶ አዳራሹ ውስጥ ሊያቆመው ፈለገ፤ «ሁለት መቶ ዓመት» የሚል ሰሌዳም አስቀርጿል። ሙያው ያንቺ ነው፣ ነይ አጽጂው አለኝ።

ከዚያ ዋዜማ ወዲህ ያን ጠረጴዛ ነክቼው አላውቅም ነበር። ገለበጥኩት። እጄ ቀድሞኝ አወቀው። ሆዱ የበር ሳንቃ ነው፣ የማጠፊያው ቀዳዳ በእንጨት ተደፍኗል። ቀለሙን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ከሥሩ ግራጫው የደም ቅብ መጣ። ሜትሬን አወጣሁ። የእኛ አገር አናጺ ሜትር ሁለት ረድፍ ጽሑፍ አለው፤ የላይኛው ሕያዋን ለሚጠቀሙበት ዕቃ ደግና ክፉ ልኩን ይነግራል፣ የታችኛው ለሙታን፣ ለሬሳ ሣጥንና ለአባቶች ጠረጴዛ። ቁመቱን ለካሁ፤ በሙታን ረድፍ ክፉ፣ በሕያዋን ረድፍ ደግ ላይ ወደቀ። ርዝመቱም እንደዚያው። ወርዱም። አንዱ ቢሆን ስህተት ነው። ሦስቱም ሲሆን አናጺው አውቆ ነው። በእግሮቹ መገጣጠሚያ ውስጥ ደግሞ ሦስት አጫጭር የመጋዝ ጭረት አለ። ያ ጭረት የማን እንደሆነ ሃያ አንድ ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ።

ሥራውን ያስተማረኝ አናጺ ጋሽ ፔይ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። ዓይኑ ደክሟል፤ አናጺ ቤቱ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ የተቆለመመውን ጫፍ በእጁ እየዳሰሰ ያለሰልሳል። አጠገቡ ዱካ ስቤ ተቀመጥኩና፣ የሆውን የአባቶች ጠረጴዛ በሕያዋን ልክ የሠራው የትኛው ደንቆሮ ነው አልኩት።

መላጊያውን አስቀመጠ። «ስንት ዓመት ቆየሽ እሱን ለመጠየቅ?»

«አፌ ተጠርጎ ነበር።»

«ተጠርጎም አልጸዳ» አለና ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወው። ከእሱ የሰማሁት ይህን ነው።

አያቴ ገበያ ላይ አክስቴን ታገኛታለች። የግራ እጇ አንጓ በድብደባ ተሰብሮ ጠምሞ ገጥሟል፤ ጣቶቿ አይጨብጡም። አማቷ ለከተማ ነጋዴዎች አሮጌ ዕቃ የሚለቅም ሰው ነው። አያቴ ልጄን መልስልኝ ስትለው፣ ገንዘብ አልፈልግም፣ ያን ባለ ቀንድ ጠረጴዛ ስጪኝ አላት። ጠረጴዛው የእሷ አይደለም፣ የዘሩ ነው። ቢሰማ ዘሩ ያባርራታል። እናቴንና እኔን ወደ ወንዝ ማዶ ላከችን፣ ጋሽ ፔይን በሌላ ሥራ ስም ጠራችው፣ በሃያ ስምንት ቀን ሠራው።

«ግን ሙታንን አላታልልም አልኳት» አለኝ። «የሚሰገድለት ውሸት ከሆነ፣ እኔ ለእነሱ ብዬ አልለካም፣ ለሕያዋን ነው የምለካው። ቁመቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሰው ያውቅብሻል አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ለማን የማሠራው መሰለህ ታዲያ?›»

ጋሪው ዋናውን ጠረጴዛ ጭኖ ሄደ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ጋሪ፣ አክስቴን ይዞ ተመለሰ። እሷ ግን አልተነገራትም። ለምን አልኩት።

«ብታውቅ በእግሯ ተመልሳ ትሄድ ነበር፣ ጠረጴዛውን ላስመልስ ብላ። አታውቂያትም?»

አላውቃትም ነበር። አርባ ዓመት ጎረቤቴ ናት፣ አላውቃትም። ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር፣ ሁለተኛው አያቴ ለክቶ ቢጨርስ ምን ይፈጠር እንደነበር እያሰብኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አያቴ አፌን የጠረገችው ውሸት ስለተናገርኩ አልነበረም። እውነቱ እንዳይነሳ ሌላ መንገድ አልነበራትም። ይህም ሆኖ ከንፈሬን ማድማት አልነበረባትም። ይህን ዛሬም እላለሁ።

በማግስቱ ለአጎቴ ጂንሻን ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። የወረዳ እንግዶች ተጠርተዋል፣ ሰሌዳው ተቀርጿል፣ ማን ያውቃል፣ ዝም በይ አለኝ። እኔ ዝም ማለት አልችልበትም አልኩት። እንግዶቹ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ወጣቶቹ ጠረጴዛውን ወደ አዳራሹ ሊያስገቡ ሲነሱ፣ የዘሩ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ነበር። መንገዱ ላይ ቆምኩ።

«አስቀምጡት» አልኩ። «ይህ በአይጡ ዓመት የተሠራ ነው። የሠራው ጋሽ ፔይ ነው፣ ሂዱና ጠይቁት። ዋናውን አያቴ በሱቺን ፋንታ ለአማቷ ሰጥታዋለች፤ ልጇን ከነሕይወቷ ለማውጣት። አጥሯል ብዬ ነግሬያችሁ ነበር።»

አጎቴ ጂንሻን «አፈ ጥርግ ድሮም...» ብሎ ጀመረና፣ የገዛ ሚስቱ ሜትሩን ከእጄ ወስዳ ስትለካ አየ። ሦስቱንም ለካች። ሦስቱንም ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ ወዲያ የሚያወራው ስለ ሰሌዳው ሆነ፤ ሐሰተኛ ከሆነ ለአዳራሹ አይሆንም፣ ከዚህ አንሱልኝ አለ። አንሱልኝ ካልክ አነሳዋለሁ አልኩት። በአናጺ ቤቱ ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር ላይ ራሴ አሰርኩት፣ ቀንዶቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ።

አክስቴ ደጃፏ ላይ፣ ጫፉን በጉልበቷ አጣብቃ፣ በቀኝ እጇ ነጭ ሽንኩርት ትጎነጉን ነበር። ወሬው አልደረሳትም። ሁለት ልጆች አግዘውኝ አስገባነው፤ ከመስኮቱ ትይዩ ካለው ግድግዳ ስፋት ጋር ልክ ሆነ። ምንድን ነው ይሄ አለች። ተቀመጪ አልኳትና ከመጀመሪያው ነገርኳት። አማቷ ያለውን፣ ጋሽ ፔይ የሠራውን፣ አያቴ ያለችውን። በዋዜማው ያልኩት በእሷ ላይ እንደነበር፣ ልጅ ብሆንም እንዳልኩት።

«ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ» አለች። «ጥቅልሌን አስሬ ነበር። ጉድጓዱ ጋ ልሄድ ነበር።» ይህን ያለችው ሽንኩርቱን ሳትለቅ ነው። ጉድጓድ ያለችው የውሃውን ጉድጓድ ነው።

 ከዚያ ተነስታ በማይጨብጠው እጇ ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው፣ ቴርሞሷን አመጣችና አንዱ ዳር ላይ አስቀመጠች፣ የመድኃኒት ብልቃጦቿን አጠገቡ። እንደማትተማመንበት ዕቃ ራቅ ብላ አየችው።

«ወርውረውኝ ነበር የመሰለኝ» አለች። «አርባ ዓመት።»

 በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«የጋሪውን እንደገና ንገሪኝ» አለችኝ።

እንደገና ነገርኳት።